ከወይባ ጢስ እስከ ሐኪም መርፌ

ከዓባይ ሸለቆ በላይ፣ በቦረና ደጋ ላይ የተቀመጠችው መካነ ሰላም ስሟ በግእዝ የሰላም ሥፍራ ማለት ሲሆን፣ በእርሷና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ አገር የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ቁር እየተፈራረቁ የሰውን ገጽ ከዕድሜው አስቀድመው ያደርቁታል፤ ስለዚህም የወሎ እናቶች የፊትን ወዝ ለመጠበቅ የደከሙበት ጥበብ ከንቱ ውዳሴን ፍለጋ ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም።

ከዚህ ጥበብ ሁሉ የላቀ ማዕርግ ያለው የወይባ ጢስ ነው። በቤቱ ጥግ ትንሽ ጕድጓድ ተምሶ፣ ከቆላ የመጣው የወይባ እንጨት ተፈልጦ በፍም ላይ ይጨሳል፤ ሙሽራይቱ ወይም ከአራስ ቤት የወጣችው እናት ገላዋን በቅቤ ታሽታ፣ በወፍራም ልብስ ተሸፍና፣ ላብ እስኪያጠምቃት ድረስ ጢሱን ትሞቃለች። ወደ ብጫነት የተለወጠው የላይኛው ቆዳ በቀናት ውስጥ ሲገፈፍ ከሥሩ ለስላሳ ገላ ይገለጣል። ልማዱን የምታውቀው ባልቴትም አጠገቧ ሆና የፍሙን ልክና የጊዜውን መጠን ትጠብቃለች፤ እሳቱ ቢበዛ ገላን ያቃጥላል፣ ጢሱም በተዘጋ ቤት ቢታፈን እስትንፋስን ይጐዳልና።

በባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት ግን የፊትን መጨማደድ ከውጭ በማሸት ሳይሆን ከውስጥ በመሙላት ሊያቀኑት ተነሡ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኖይበር ከክንድ የወሰደውን ስብ በፊት ጠባሳ ሥር አኖረ፤ በ1899 ዓ.ም. በቪየና ሮበርት ገርሱኒ እንደ ቫዝሊን ያለ የፓራፊን ቅባት በመርፌ ወደ ሰውነት አስገባ፤ ብዙዎችም ይህንኑ ለፊት ውበት ሲከተሉት፣ ሥጋ የማያውቀው ባዕድ ነገር እየጠጠረና ከቦታው እየሸሸ ስንቱን መልክ አበላሸ። በ1934 ዓ.ም. ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በኒው ዮርክ ከከብት ዓይን ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለውን፣ በሰውም ቆዳ ውስጥ ውኃን ይዞ የሚያኖረውን ንጥረ ነገር ለዩ። በ1981 ዓ.ም. ከከብት ቆዳ የተዘጋጀው ኮላጅን፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሃያሉሮኒክ አሲድ ለፊት ሽብሽብ በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀዱ፤ ዛሬ ፊለር የምንለውም በአብዛኛው ይኸው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። እነሆ የወሎ እናት ከላም ቅቤ የፈለገችውን ወዝ፣ ሊቃውንቱ ከዚያው ከከብት ዓይንና ቆዳ ፈለጉት።

ፊለርም እንደ ጢሱ ሁሉ ዘላለማዊ አይደለም፤ ሃያሉሮኒኩ በወራት ውስጥ በሰውነት ይሟሟልና እንደገና መርፌ ይሻል፤ በስሕተት ወደ ደም ሥር ቢገባ ደግሞ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል። ስለዚህ ከመካነ ሰላም ወጥታ በአዲስ አበባ ፊቷን ለመርፌ የምትሰጥ እኅታችን፣ እናቷ ለጢሱ ልክ ዐዋቂዋን ባልቴት እንደ መረጠች ሁሉ፣ እርሷም ልኩን የሚያውቅ ሐኪም ትምረጥ፤ ከወይባው ጕድጓድ የምትወርሰው ትልቁ ጥበብ ይኸው ነውና።