በ56 ቢት ቁልፍ የተነሣው ክርክር

በሲሜትሪክ ምስጠራ መረጃውን የሚቆልፈውም የሚከፍተውም ያው አንድ ቁልፍ ነው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልታወቀ ድረስ ምስጢሩ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ከሆነ የቁልፉ ርዝመት ትልቅ ጉዳይ ነው።

በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሁሉም የሚጠቀምበት የምስጠራ ስልት እንዲቀርብለት ጥሪ አወጣ። አይቢኤም፣ በርሊን የተወለደው ሆርስት ፋይስተል ከጀመረው ሉሲፈር የተገኘ ስልት አቀረበ፤ በ1977 ዲኢኤስ ተብሎ ጸደቀ። ዲኢኤስ መረጃውን በ64 ቢት ይከፍልና እያንዳንዱን ክፋይ ለሁለት ይገምሳል። አንዱ ግማሽ ከዋናው ቁልፍ ከወጣ ንዑስ ቁልፍ ጋር ተቀይጦ በሠንጠረዦች ይለወጣል፤ ውጤቱ በሌላው ግማሽ ላይ ያርፍና ግማሾቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ 16 ጊዜ ይደጋገማል። ድንቁ ነገር፣ ለመፍታት ሌላ ስልት አያስፈልግም፤ ንዑስ ቁልፎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መጠቀም ይበቃል።

ቁልፉ ግን 56 ቢት ብቻ ነበር። የምስጠራ ተመራማሪዎቹ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን 20 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ማሽን ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ቀን ሊሞክር እንደሚችል አስልተው ተቃወሙ። በስልቱ ሥራ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እጅ ስላለበት፣ ሠንጠረዦቹም ስውር በር ሳይኖራቸው አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። በሠንጠረዦቹ ላይ የነበረው ጥርጣሬ አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም ኤሊ ቢሃምና አዲ ሻሚር በ1990 አካባቢ ይፋ ያደረጉትን የማጥቂያ ዘዴ እንዲቋቋሙ ሆነው ተገኙ። በቁልፉ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ግን ትክክል ነበር። በ1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ በሠራው ማሽን አንድ ቁልፍ በ56 ሰዓት አገኘ።

ስሙን የቀየረው ያው የደረጃዎች ቢሮ በ1997 አዲስ ውድድር ከፍቶ ነበር። በዚህኛው 15 ዕጩዎች ለዓለም ባለሙያዎች ትችት በግልጽ ቀረቡ፤ ቀድሞም መሆን የነበረበት ይህ ነው። የቤልጅጎቹ የዮአን ዳመንና የቪንሰንት ራይመን ሥራ አሸንፎ በ2001 ኤኢኤስ በሚል ስም ደረጃ ሆነ። ቁልፉ 128፣ 192 ወይም 256 ቢት ነው። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የሚሞከሩት ቁልፎች እጥፍ ስለሚሆኑ፣ ዲኢኤስን የሰበረው የፍለጋ መንገድ እዚህ ተስፋ የለውም።

የቀረው፣ ያንን አንድ ቁልፍ ላኪና ተቀባይ እንዴት ይጋሩት የሚለው ነው። መንገዱን በ1976 ያሳዩት እነዚያው ዲፊና ሄልማን ናቸው። ዛሬ ብዙ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ሁለቱ ወገኖች ከዚያ በተወለደ ዘዴ ቁልፍ ላይ ይስማማሉ፤ መረጃውን ራሱን ግን የሚመሰጥረው እንደ ኤኢኤስ ያለ ፈጣን የሲሜትሪክ ስልት ነው።