አዲስ ዓለም ለምን ዋና ከተማ ሳትሆን ቀረች?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ፣ ሆለታን ካለፋችሁ በኋላ አዲስ ዓለም ትመጣለች። ኤጀሬም ትባላለች። አብዛኞቻችን በመኪና መስኮት አይተናት እናልፋለን። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ግን የኢትዮጵያ መናገሻ ለመሆን ግንባታ ሁሉ ተጀምሮላት ነበር። ለምን ቀረች ሲባል የተለመደው መልስ «ምኒልክ ሐሳባቸውን ቀየሩ» ነው። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከብርድ ነው እላለሁ።

ብርዳችን እንግዲህ ፈረንጅ እንደሚያውቀው ዓይነት አይደለም። በሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ጥር ላይ አማካዩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ከዜሮ በላይ 19 ገደማ ነው። አዲስ አበባና አዲስ ዓለም ላይ የወር አማካዩ ዓመቱን ሙሉ ከጥቂት ዲግሪ በላይ አይለዋወጥም። ልዩነቱ ያለው በአንዱ ቀን ውስጥ ነው። ታኅሣሥ ላይ ንጋቱ 7፣ ቀትሩ 23 ዲግሪ ቢሆን የሚገርመው የለም። ሐምሌ ቀኑን ቢያቀዘቅዘውም ሌሊቱን ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍነናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ግን መሬቱ የያዘውን ሙቀት ሁሉ ይለቃል፤ ውርጩም ባቄላውን ይመታል። እንዲህ ያለውን ብርድ የሚያስታግሰው ማታ ማታ የሚነድ እሳት ነው። እሳት ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል።

የምኒልክ ከተማ መጀመሪያ እንጦጦ ነበረች፣ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ፍልውሃ ከ2300 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። በየ1000 ሜትሩ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ታች ወርደው ቦታውን «አዲስ አበባ» ሲሉት አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት በነፃ አገኙ ማለት ነው። (ፍል ውሃው ምርቃት!)

ሙቀቱ ተገኘ፤ እንጨቱ ግን አለቀ። ከአድዋ በኋላ ከተማዋ በፍጥነት ሰፋች። ቤቱ በእንጨት ይሠራል፣ እንጀራው በእንጨት ይጋገራል፣ የቤተ መንግሥቱ ግብርማ የሚፈጀውን ማገዶ አስቡት! በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ተጨፍጭፎ አለቀና እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ቶሎ የሚያልፉት ነገር አለ። ያንን እንጨት የሚሸከሙት ባሪያዎች፣ ገረዶችና የጉልበት ግዴታ ያለበት ገባር ነበሩ። ጫካው በራቀ ቁጥር የሚረዝመው የእነሱ መንገድ ነው።

የጥንቶቹ ነገሥታት ማገዶ ሲያልቅ ድንኳን ነቅለው ይሄዱ ነበር። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ 1900 ገደማ) ያንኑ አሰቡና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። ልብ በሉ፣ አዲስ ዓለም ከፍታዋ 2360 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የበለጠ አትሞቅም። የተፈለገው ጫካው ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? አዲስ አበባ ላይ በድንጋይ የገነቡ ሰዎች፣ የውጭ ሌጋሲዮኖችም ጭምር፣ ለመነቀል አልፈለጉም። ዋናው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መገባደጃ ነው። የአዲስ ዓለም መሠረት ሲጣል አዲስ አበባ ላይ ችግኙ ቀድሞ ነበር ማለት ነው! ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይተው ዕቅዱን ተዉት። ከተማው ጫካ ፍለጋ መሄዱ ቀረና ጫካው ከተማው ውስጥ ተተከለ።

ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው መሠረት አለው። ሆኖም የአዲስ ዓለምና የአካባቢዋ ገበሬ ዛሬም ይተክለዋል፣ ገንዘብ ነዋ! እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን ያላየ አዲስ አበቤ ደግሞ ያለ አይመስለኝም። ሸክሙ ከጀርባ አልወረደም።

አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ደብረ ጽዮን ማርያም ተባለ። ክብረ በዓሉ ኅዳር 21 ነው፣ ብርዱ በሚጠነክርበት ሰሞን። ምእመናኑ ጋቢያቸውን ደርበው ንጋት ላይ የሚቆሙት ምኒልክ ሊነግሡበት አስበው በነበረው ኮረብታ ላይ ነው።