ዜግነት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በምሠራበት ባንክ፣ አማርኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ አንድ የውጭ አገር አዛውንት የሒሳብ መክፈቻ ቅጽ ሲሞሉ «ዜግነት» ከሚለው ላይ ብዕራቸው ቆመ። «የፓስፖርቴን ልጻፍ ወይስ የኖርሁበትን?» አሉኝ።

አርባዎቹ የአርመን ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ከእልቂቱ ተርፈው በኢየሩሳሌም ሳሉ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የአገር መዝሙር ሆኖ ኖረ።

አገር ቀጥ ብሎ የቆመለትን ዜማ የደረሰው ስደተኛ ነበር። ቅጹ ግን ስለዚህ የሚጠይቀው ነገር የለውም። እኔም ለአዛውንቱ «የፓስፖርትዎን» አልኋቸው፤ ማኅተሙን ስመታ ግን አፈርሁ።