ቁም ንባብና ቁም ነገር

ዳዊት የደገምኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን ዕለት አባቴ ጠቦት አረደ፣ የኔታ መረቁኝ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ተበላ ተጠጣ። ማታ ላይ ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ ምድጃው ዳር አስቀመጠችኝና «በል እስቲ ለእኔም አንብብልኝ» አለችኝ። እንደ ውሃ ወረድኩት። ስጨርስ «ጎሽ የእኔ ልጅ!» ብላ ሳመችኝና ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ ምን ይላል?»

እኔ የት አውቄው! መጽሐፉ በግዕዝ፣ እኔ በአማርኛ። ጠቦት የታረደለት አንባቢ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ማስረዳት አቃተው። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

የኔታን እየወቀስኩ አይደለም፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነበር። የቄስ ተማሪ ከፊደል ይነሣል፤ አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደርሳል። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ እያለ ቁም ንባብ ላይ ይቆማል። ትርጉሙስ? እሱ የሚመጣው ወደ ኋላ ነው። ግዕዙን ከነሰዋስዉ የሚያውቀው ቅኔ ቤት የገባ፣ የመጻሕፍቱን ምስጢር የሚሰማው ትርጓሜ ቤት የዘለቀ ነው። አብዛኛው ልጅ ግን ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻውና ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። ቁም ንባቡን ይዞ፣ ቁም ነገሩን ሳይዝ።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ትርጓሜ ቤት ስትገቡ አንዱ ተማሪ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መምህሩ ያስቆሙትና ይፈቱታል፤ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ። ዛሬ የንባብ ባለሙያዎች ለአምስት ዓመት ሕፃን አድርጉለት የሚሉን ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አንብብለት፣ ቆም በል፣ አስረዳው፣ ሌላም መልስ ሊኖር እንደሚችል አሳየው።

ሥዕሉም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተአምረ ማርያም ለምእመናን ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ በሥዕል ያጌጡ ብራናዎቹም አሉ፤ የመቅደሱ ግድግዳም በሥዕል ተሞልቷል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በጆሮው እየሰማ በዓይኑ «ያነብ» ነበር። ጥያቄው ደግሞ ምድጃ ዳር ነበረ። አያቴ ተረት ስትነግረን ጅቡ አህያይቱ ዘንድ ሊደርስ ሲል ቆም ትልና «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ትላለች። መልሳችንን ሰምታ፣ «ለምን?» ብላ አፋጥጣን ነው የምትቀጥለው።

እንግዲህ ጮክ ብሎ ማንበቡ፣ ሥዕሉም፣ ጥያቄውም ሁሉም ነበሩን። ችግሩ በተለያየ ቤት መኖራቸው ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አምጥተን የሕፃን ጭን ላይ ለማኖር ዘገየን። በአውሮፓ ኮሜኒየስ ሥዕልና ቃል ያጣመረውን የልጆች መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1658 ነው። እኛ ዘንድ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ትውልድ አስነብቧል፤ ግን እሱ ማንበብ ለቻለ ተማሪ ነው። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቴሌቪዥን ግን የልጁን መልስ ቆሞ አይጠብቅም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ መጥፋቱ አንገብግቧቸው መጻፍና ማሳተም ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የኔታ ያላገኙትን መሣሪያ እኛ ያገኘነው ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይጠበስ የምትሉ ካላችሁ፣ በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገውን የንባብ ምዘና አስታውሱ። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ካነበቡትም ስላነበቡት ሲጠየቁ ዝም ያሉ ብዙ ነበሩ። ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በቀላል ሒሳብ አስቀምጠውታል፤ ንባብ ማለት ፊደሉን የመፍታት ችሎታ በቋንቋው ግንዛቤ ሲባዛ ነው። ማባዛት ነው ልብ በሉ፣ መደመር አይደለም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ!

ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህንን ዜሮ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሲያነብ እሰየው የሚያሰኝ ተማሪ «እና ደራሲው ምን አለ?» ስለው ያንኑ ገጽ መልሶ ያነብልኛል።

እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ለሴት ልጄ በሦስት ዓመቷ የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ቁጠሪ» እያልኩ አስጨበጨብኩላት። አንድ ቀን እንኳ ጭኔ ላይ አስቀምጬ መጽሐፍ አላነበብኩላትም። ዕዳዬን አሁን ለልጇ እየከፈልኩ ነው።

ባለፈው ለአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ስለ አንድ ልጅ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን የሚያወራ የሥዕል መጽሐፍ አነበብኩላት። ሽፋኑን አሳይቼ ስለ ምን እንደሚሆን አስገመትኳት። ገጽ ከመግለጤ በፊት ቆም አልኩ። «ልጁ በጣም ደስ አለው» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቷን ሥዕሉ ላይ ደቅና «አባባ፣ ውሸት ነው!» አለች።

«እንዴት?»

«እናቱን እኮ ነው የሚያያት።»

እውነቷን ነው። ልጁ በሩ ላይ ዞር ብሎ እናቱን እያየ ነው። ቃሉ ሌላ፣ ሥዕሉ ሌላ። አምስት ዓመት ሙሉ ፊደል ብታስቆጥሯት ይህንን አታገኙትም። ያቺ ልጅ ገና ማንበብ አትችልም፤ ግን በዘጠኝ ዓመቱ ዳዊት ከደገመው አያቷ ይልቅ አንባቢ ናት።

በየመዋዕለ ሕፃናቱ ደጃፍ የምንቆም ወላጆች የልጁን ደብተር ገልጠን ስንት መስመር ፊደል እንደገለበጠ እንቆጥራለን። መምህራኑም የምንቆጥረውን ያውቃሉና ሲያስገለብጡ ይውላሉ። ፊደሉ ይቅር አላልኩም፤ ያለ እሱ ሒሳቡ ዜሮ ነው። ግን በቀን ሩብ ሰዓት መምህርቷ አንድ መጽሐፍ ወደ ልጆቹ አዙራ ይዛ ታንብብላቸው። ለአርባ ልጅ አርባ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል። እኛም ማታ ልጃችንን ስንቀበል «ስንት ፊደል ቆጠርክ?» ከማለታችን በፊት የአያቴን ጥያቄ እናስቀድም። «ለመሆኑ ምን ይላል?»