ግሬን፦ የፊልም ቅንጣት

በጃፓኑ ፊልም «ሰባቱ ሳሙራይ» ውስጥ የመጨረሻው ውጊያ የሚካሄደው በዶፍ ዝናብ ነው። መንደሩ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ፈረሶች ይንሸራተታሉ፣ ሰዎች ይወድቃሉ፣ ዝናቡ ማቋረጫ የለውም። ይህን ትዕይንት በጥሩ ዲስክ የሚያይ ሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ቢል ሌላም ነገር ያስተውላል። ከዝናቡ ጀርባ ያለው ግራጫ ራሱ ጸጥ አይልም። እንደ ተነፋ ዱቄት የደቀቀ ነገር በምስሉ ሁሉ ላይ ሲርመሰመስ ይታያል። የፊልም ሰዎች «ግሬን» የሚሉት ይህን ነው። በአማርኛ «የፊልም ቅንጣት» ብንለው እላለሁ። ቃሉን የመረጥኩበትን ምክንያት ከመናገሬ በፊት ግን ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው።

ነገሩ ምንድን ነው?

የፊልም ጥቅል ማለት ስስ በሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የተለቀለቀ ጄላቲን ነው። በጄላቲኑ ውስጥ ብርሃን ሲያገኛቸው የሚለወጡ ደቃቅ የብር ውህድ ክሪስታሎች ተበትነዋል። ካሜራው ሲቀርጽ ብርሃን ያገኛቸው ክሪስታሎች ፊልሙ ሲታጠብ ወደ ጥቁር ብርነት ይለወጣሉ፤ ያላገኛቸው ደግሞ ከፊልሙ ላይ ይወገዳሉ። ድሮ ፎቶ ቤት ሄደን ፊልም ስናሳጥብ ይሠራልን የነበረው ይኸው ነው።

እንግዲህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ከነዚህ የብር ቅንጣቶች ውጭ ምስል የሚባል ነገር የለም። በሲኒማ ቤቱ ቅጂ ላይ ቅንጣቶቹ ሲጠጋጉ ጥላ ይሆናሉ፣ ሲሳሱ ብርሃን ይሆናሉ። የተዋናዩ የዓይን ሽፋሽፍት፣ የጎራዴው ስለት፣ የጎጆው ሣር ሁሉ የቅንጣቶች አቀማመጥ ነው። በትንሽ ብርሃን ለመቅረጽ የተሠራ ፊልም ክሪስታሎቹ ተለቅ ስለሚሉ ቅንጣቱ ይጎላል፤ ብዙ ብርሃን የሚፈልገው ደግሞ ቅንጣቱ ይደቅቃል።

ቅንጣቶቹ በየፍሬሙ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ ሌላ አቀማመጥ አላቸው። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ያልፋል፤ «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው፤ ሲባዛ ወደ 298,000 ፍሬም ይሆናል። ከነዚህ መካከል ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት የቅንጣት አቀማመጥ የላቸውም። ያ የምናየው መርመስመስ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የቆመ ሰው ፊት እንኳ የሚተነፍስ ሆኖ የሚታየን በእርሱ ነው።

ቅጂ በቅጂ ላይ

ፊልሙን አኪራ ኩሮሳዋ ለቶሆ ኩባንያ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ ቀረበ። ካሜራው የአሳካዙ ናካይ ነበር። ኩሮሳዋ ውጊያዎቹን በአንድ ጊዜ በበርካታ ካሜራዎች፣ ሩቁን በሚያቀርቡ ረጃጅም ሌንሶች አስቀረጸ። ካሜራው ውስጥ ገብቶ የነበረው የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ግን ዛሬ የለም። በዓለም ላይ ያለ የዚህ ፊልም ዲስክ ሁሉ የተሠራው ከተረፉት ቅጂዎች ነው።

ቅጂ ሲባዛ ምን ይሆናል? አዲሱ ፊልም የድሮውን ምስል ከነቅንጣቱ ይቀርጻል፤ በዚያ ላይ የራሱን ቅንጣት ይጨምራል። የቅጂ ቅጂ ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ይደረባል፤ ጥላው ይጠቁራል፣ ብርሃኑ ይነጣል፣ በመካከል ያለው ግራጫ ይሳሳል። ለዚህ ነው ማባዣ ክፍሎች ዋናውን ቅጂ ሲያወጡ በጣም ደቃቅ ቅንጣት ያለው ፊልም የሚጠቀሙት፤ ቅጂውንም በእንግሊዝኛ በዚሁ ጠባዩ «ፋይን ግሬን» ብለው ይጠሩታል። አንድን ዲስክ ለመመዘን የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ ከስንተኛ ትውልድ ቅጂ ተነሣ የሚለው ነው።

በአሜሪካ ፊልሙን የሚያሳትመው ክራይቴሪየን በ1998 በዲቪዲ አወጣው፤ በ2006 እንደገና ተሠርቶ በሦስት ዲስኮች ወጣ፤ በ2010 ወደ ብሉ ሬይ ተሸጋገረ። በ2016 ቶሆ ራሱ 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት አስጠገነው፤ ይህም ጥገና በ2024፣ ፊልሙ 70 ዓመት ሲሞላው፣ በ4ኬ ዲስክ ለቤት ተመልካች ደረሰ።

የ2006ቱ ዲቪዲ ፊልሙን ለሁለት ዲስክ ከፍሎ ያስቀመጠበት ምክንያት ከቅንጣት ጋርም ሊያያዝ ይችላል። ዲጂታል ቪዲዮ ቦታ የሚቆጥበው ከፍሬም ወደ ፍሬም የተለወጠውን ብቻ በመመዝገብ ነው። የቆመ ግድግዳ አንዴ ከተመዘገበ ይበቃል። ቅንጣት ግን በየፍሬሙ፣ በምስሉ ሁሉ ላይ ይለወጣል፤ ስለዚህ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 8.5 ጊጋባይት ነው፤ እንዲህ ያለው ብሉ ሬይ 50 ይይዛል። ቦታ ሲጠብ ቅንጣቱ ይሰባበርና አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል። በደካማ ኢንተርኔት ፊልም ስናይ ጨለማው ቦታ ላይ የሚታየን ንጣፍ መሰል ነገር ይኸው ነው።

ልሰና

ቦታ ለመቆጠብ፣ ወይም «ያረጀ ፊልም» እንዳይመስል፣ አንዳንድ አሳታሚዎች ቅንጣቱን በኮምፒውተር ያጠፉታል። ሥራው በባለሙያዎች ቋንቋ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ይባላል። እኔ ልሰና እለዋለሁ፤ የድንጋዩን ፊት እንደሚሸፍን የግድግዳ ልስን ስለሆነ።

ልሰና የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት አንድ ራስ በቂ ነው። ታካሺ ሺሙራ የሚጫወተው ካምቤይ፣ ሕፃን አግቶ የተደበቀን ሌባ መነኩሴ መስሎ ለመቅረብ ሲል ጠጉሩን ይላጫል። ለአንድ ሳሙራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ በፊልሙ ሙሉ፣ ሲያስብም ሆነ ግራ ሲገባው፣ መዳፉን የተላጨው ራሱ ላይ ያሻሻል። ቅንጣቱ በተጠበቀበት ቅጂ ከመዳፉ ሥር ብቅ ብቅ ያለው አጭር ጠጉር ይታያል፤ እጁ ሲያልፍበት የሚሻክረው ለተመልካቹ መዳፍም ይሰማዋል። በተለሰነው ቅጂ ግን ያ ራስ የተላጠ እንቁላል ይሆናል። ጠጉሩ እንደ ቅንጣቱ ደቃቅ ነበርና አብሮ ተጠረገ።

ዝናቡም እንዲሁ ነው። አቧራ የሚያጸዳ ፕሮግራም አቧራን የሚለየው በአንድ ፍሬም ታይቶ በሚቀጥለው በመጥፋቱ ነው። የዝናብ ጠብታም እንደዚያው ያደርጋል። ሰው ተቀምጦ ፍሬም በፍሬም ካልተቆጣጠረው ማሽኑ ዝናቡን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊያነሣው ይችላል።

ይህ ማለት የቆየ ፊልም አይነካ ማለት አይደለም። ጭረት፣ ሻጋታ፣ የጣት አሻራ፣ የምስል መዝለል በኋላ የመጡ ጉዳቶች ናቸውና መጠገን አለባቸው። በመባዛት የተደረበው ቅንጣትም ከመጀመሪያው ፊልም የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ቅንጣት ተደባልቋል፤ አንዱን ለመጥረግ የተነሣ እጅ ሌላውን ሳይነካ አይመለስም። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ጭረቱን አንሥቶ ቅንጣቱን ይተወዋል።

ለምን «ቅንጣት»?

ለ«ግሬን» አማርኛ ሲፈለግ ወደ አፍ የሚመጡ ቃላት አሉ። «አቧራ» አይሆንም፤ አቧራ ከውጭ መጥቶ ፊልሙ ላይ ያርፋል። «ብናኝም» የአቧራ ዘመድ ነው፤ እፍ ቢሉት የሚሄድ ነገር ይመስላል። «ሻካራነት» ገና ስሙን ሲጠሩት ጉድለት ያደርገዋል። «ፍሬ» «ግሬን» ለሚሸከመው የእህል ትርጉም ቢቀርብም ውጤት ወደሚለው ትርጉም ይስባል። «ግሬን» ብሎ መተውም ይቻላል፤ ግን ቃሉን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም።

«ቅንጣት» የሚለው ቃል የትልቁን ነገር ትንሿን አካል ይጠራል። የጤፍ ቅንጣት ራሷ ጤፍ ናት፤ ቅንጣቶቹን አንሥተን ጤፉን እናስቀር ብንል የሚቀር የለም። የፊልሙም ነገር እንዲሁ ነው። የሳይንስ መጻሕፍታችንም ቃሉን ለቁስ አካል ደቃቅ ክፍሎች ሲጠቀሙበት ስለኖሩ ከብሩ ክሪስታል ጋር ይስማማል።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። «ይህ ዲስክ ቅንጣቱን ጠብቋል»፤ «በሌሊቱ ትዕይንት ላይ ቅንጣቱ ይጎላል»፤ «ፊቶቹ ተለስነዋል፣ ቅንጣት አልቀረም»፤ «ከደቃቅ ቅንጣት ቅጂ የተነሣ» ማለት እንችላለን። ቃሉ ለራሳችን ፊልሞችም ይጠቅማል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ነው፤ የ16 ሚሊ ሜትር ፍሬም ትንሽ ስለሆነ ወደ ሰፊ መጋረጃ ሲለጠጥ ቅንጣቱ አብሮ ይተልቃል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ፊልሙ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ቃሉን የያዘ ግን ምን እያየ እንደሆነ ያውቃል።

ቤት ውስጥ ለመፈተን ሦስት ቦታ ማየት ይበቃል፦ ሰማዩን፣ የፊት ቆዳን፣ ዝናቡን። ሰማዩ ከሞተ፣ ቆዳው ሰም ከመሰለ፣ በሰዎቹ ዙሪያ ነጭ መስመር ከተሠመረ ዲስኩ ተነካክቷል። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የራሳቸው ልሰና ተከፍቶ ነው የሚመጡት፤ በምስል ማስተካከያው ውስጥ «ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚለውን መዝጋት ነው።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ገበሬዎቹ ሳሙራይ ለመቅጠር ከተማ ወርደው ሳለ ለቅጥሩ ያመጡት ሩዝ ይሰረቃል። ዮሄይ የሚባለው ገበሬ በማደሪያው ወለል ላይ ተደፍቶ፣ ሳንቃው ላይ የተንጠባጠበውን ሩዝ በጣቱ አንድ በአንድ ይለቅማል። ቢጠርገው ይቀለው ነበር። ግን እያንዳንዷ ቅንጣት የመንደሩ ሰው ካፉ ነጥቆ ያዋጣት ናት። 298,000 ፍሬም ፊት የሚቀመጥ የፊልም ጠጋኝም ሥራው ከዚህ አይለይም፤ የሚለቅመው እንጂ የሚጠርገው የለም።