ከአበበ ጎን ማን ይሩጥ?

በዶርም ውስጥ ከማያልቁት ክርክሮች አንዱ ይኸው ነው፦ አበበ ይበልጣል ኃይሌ? ኃይሌ ይበልጣል ቀነኒሳ? መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ከአልጋ ወደ አልጋ ይወራወሩታል። አንዱ «በባዶ እግሩ እኮ ነው!» ይላል፤ ሌላው ሰዓት ይጠራል፤ ሦስተኛው በጣቱ ሜዳሊያ ይቆጥራል። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነውና አይሸናነፉም። ይህች ጽሑፍ ዳኛ ልትሆን አልተነሣችም። የምትጠይቀው ስለ ሚዛኑ ነው። ለመሆኑ የተለያየ ዘመን ጀግኖችን ጎን ለጎን የምናቆመው በምን ለክተን ነው? (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

በዚህ ነገር ከእኛ ይበልጥ የተጨቃጨቁት የከባድ ሚዛን ቦክስ ወዳጆች ናቸው። ቦክስ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ቀበቶው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ አዲሱ ባለድል አሮጌውን ጥሎ ይወስደዋል። ግን ይህም መልስ አይሆንም። ሮኪ ማርሲያኖ በጥቅምት 1944 ጆ ሉዊስን በስምንተኛው ዙር አሸነፈው። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ከቦክስ የወጣ ሰው ነው። ታዲያ ከሉዊስ ይበልጣል? የጣለው እኮ የ37 ዓመቱን ሉዊስን ነው፤ ቀበቶውን 25 ጊዜ ያስከበረውን ጎልማሳ አይደለም። በኋላም ክርክሩን ይፈታልናል ተብሎ ማርሲያኖና መሐመድ አሊ በኮምፒዩተር እንዲፋለሙ ተደረገ። ሁለቱ ራሳቸው ሪንግ ውስጥ ገብተው ተቀረጹ፤ መጨረሻው በተለያየ መልክ ተዘጋጅቶ ነበርና በጥር 1962 አሜሪካ ውስጥ የታየው ማርሲያኖ ሲያሸንፍ ነው። እሱ ግን ይህን «ድሉን» አላየም፤ ከጥቂት ወራት በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ማንን አሳመነ? ማንንም።

የእኛ ሯጮች ደግሞ ሰዓት አላቸው፤ ሰዓት የማያዳላ ዳኛ ይመስላል። እስቲ እንየው። አበበ ቢቂላ በሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጠች። እንግዲህ በሰዓቱ ዳኝነት ብንሄድ አበበ፣ ያ የቶኪዮው አበበ፣ ከአንዲት እህታችን በ18 ሴኮንድ ኋላ ሊገባ ነው! ለትዕግሥት ክብር ይጨምርላታል እንጂ አበበን አይነካውም፤ ይህንንም ሁላችንም በልባችን እናውቀዋለን። ጫማው፣ ልምምዱ፣ ምግቡ፣ ሕክምናው፣ አሯሯጩ ሁሉ ተለውጧል። ሰዓት የሚለካው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የኖረበትን ዘመን ጭምር ነው።

እኔ ያደግሁት ሮቢት ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ ከመንገዱ ላይ። እኛ ቆለኞች ነን፤ ፀሐዩ ማሽላ እንጂ ማራቶን አያበቅልም እያልን እንቀልዳለን። ሽማግሌዎቻችን ግን ጀግና ማወዳደር ያውቁበታል። በሠርግ ላይ አንዱ ተነሥቶ ሲፎክር የገደለውን ቁጥር ብቻ ቢደረድር አይረኩም። «ማንን ገጠመ? ምን ይዞ ገጠመ?» ይላሉ። በእጁ ዱላ ብቻ ይዞ ባለ ጠመንጃን የቆመውን፣ ከነጓዙ ከሄደው አስበልጠው ያነሡታል። የዶርማችን ክርክር ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ የጎደለችው ይመስለኛል።

በዚህ ጥያቄ አበበን እንየው። የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ምሽት፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ጥቁር ሰው አልነበረም፤ የሚከተለው ምሳሌ የለውም ማለት ነው። ከሞሮኮው ራዲ ጋር እኩል እየሄደ ቆይቶ፣ ጣሊያኖች ወስደው በከተማቸው ባቆሙት የአክሱም ሐውልት አካባቢ ጥሎት ወጣ፤ በ25 ሴኮንድ ቀደመው። ከአራት ዓመት በኋላ በጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛ የወጣውን በአራት ደቂቃ በልጦ አሸነፈ፤ ከዚያም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም።

በአበበ ጥላ ሥር የቀረው ማሞ ወልዴ ነው። በጥቅምት 1961 ሜክሲኮ ላይ አበበ እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ ማሞ አሸነፈ፤ በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር ወስዶ ነበር። በ1964 መጨረሻ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው በክርክራችን ውስጥ «አበበ ሲያቋርጥ የገባው» ብቻ ሆኖ ሲጠራ እሰማለሁ። ያሳዝናል።

ሜዳሊያ ቆጣሪውም የማያየው ነገር አለ። በቦክስ መሐመድ አሊ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ከ1959 እስከ 1963 ከሪንግ ታግዷል፤ በጉልበቱ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። አድናቂዎቹ ያንን ባዶ ቦታ ሳይቀር ይቆጥሩለታል። የእኛስ? ኢትዮጵያ በ1968 ከሞንትሪያል ቀረች፤ ኒው ዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ በመጫወቷ ብዙ የአፍሪካ አገሮች አድመው ነበር። ምክንያቱ የሚያኮራ ነው፤ ዋጋው ግን በሯጮች እግር ተከፈለ። ምሩጽ ይፍጠር አራት ዓመት ጠብቆ በ1972 ሞስኮ ላይ 5 ሺሕንም 10 ሺሕንም ወሰደ፤ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። ኬንያ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ቀርታ ስለ ነበር፣ በ1970 በ81 ቀን አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ሄንሪ ሮኖ ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ። ቆጣሪው ለምሩጽ ሁለት ይጽፋል፤ ለሮኖ ዜሮ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ በላይነህ ዴንሳሞ ነው። በ1976 ሎስ አንጀለስ፣ በ1981 መስከረም ሶል፣ ሁለቱም ያለ ኢትዮጵያ አለፉ። በላይነህ በሚያዝያ 1980 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ17 ሴኮንድ ተከትሎት የገባው የጅቡቲው አሕመድ ሳላሕ ነበር። አምስት ወር ያህል ቆይቶ መንግሥታችን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግኖ ቀረና በላይነህ ሶል አልሄደም። ሳላሕ ሄደ፤ ነሐስ ይዞ ተመለሰ። ሶል ላይ በላይነህ ያሸንፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በማራቶን እንዲህ ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን በቦክሰኞቹ ወግ «ሰውየውን ያሸነፈው ሰውዬ» ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ክብረ ወሰኑ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 መስከረም ተሰበረ። አሥር ዓመት! ኦሊምፒክ የሚቆጥረው ዶርም ይህን ስም አያውቀውም።

(በነገራችን ላይ፣ በዚህ ክርክር ደራርቱን የሚያነሣም እምብዛም ነው። በ1984 ባርሴሎና ላይ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሆናለች። ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ ሦስት ወርቅ አላት፤ ልክ እንደ ቀነኒሳ። «ይበልጣል» ብለን ስንጀምር ገና ግማሹን ጥለናል።)

ኃይሌና ቀነኒሳ ግን ከሌሎቹ ይለያሉ፤ እነርሱ ተገናኝተዋል። በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ የቀደመው ኃይሌ፣ በነሐሴ 1995 ፓሪስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ለቀነኒሳ ተሸነፈ። ቦክስ ቢሆን ቀበቶው ያኔ ተላለፈ ይባል ነበር። በዓመቱ አቴና ላይ ኃይሌ በተጎዳ ቋንጃው ሮጠ። ሲንገዳገድ ቀነኒሳና ስለሺ ስሕን ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩት ነበር፤ በቦክስ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም፣ አሮጌው ሲደክም ነው ዱላው የሚበረታበት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ቀነኒሳ በ1996 እና በ1997 የያዛቸው የ5 ሺሕና የ10 ሺሕ ክብረ ወሰኖች አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆዩ፤ በአገር አቋራጭም 11 የግል የዓለም ድሎች አሉት። በትራክ ላይ ከሆነ የኔ ድምፅ ለእርሱ ነው።

ኃይሌ ግን ተሸንፎ ቤቱ አልገባም። ወደ አበበና ወደ በላይነህ ርቀት ሄደ። በመስከረም 2001 በርሊን ላይ፣ በ35 ዓመቱ፣ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ፤ ከሮተርዳሙ ሰዓት በ2 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ የፈጠነ።