የሱሪ የዱላ ግጥሚያና ደንቡ

ከመቱና ከጎሬ ወደ ደቡብ ርቆ በኪቢሽ አካባቢ የሚኖረው የሱሪ ሕዝብ ጐበዛዝቱን በዶንጋ፣ ማለት 2 ሜትር ገደማ በሆነ ዱላ፣ ያጋጥማል። ብዙ ጎብኚ ይህን ጠብ ይለዋል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ተጋጣሚው ወዶ የሚገባበት፣ ዳኛ የሚቆምበት፣ የወደቀ የማይመታበት ነውና። ራስን፣ ክርንንና ቅልጥምን የሚሸፍን መከላከያም ይታሰራል፤ በጉግስ በጋሻ እንደሚመከት ማለት ነው። ይሁን እንጂ አጥንት ይሰበራል፤ ሰው የሚሞትበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ መግደል ክልክል ሲሆን የገዳይ ወገን ካሣ ይከፍላል። በ1980ዎቹ ክላሽንኮቭ ከሱዳን በኩል በብዛት ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዳኛው የሚያስቆመው ዱላን ነው፤ ከሜዳው የተረፈ ቂም በጠመንጃ ሲቀጥል እርሱ በስፍራው የለም።